መውጫው በር ላይ የሚቆሙት እትዬ የሺ

እትዬ የሺን ማወቄ ያስከፈለኝ ሁለት መቶ አርባ ዲናር፣ አንድ የቫን ጎማ እና «ገበያውን ለእኔ ተዉት» ይል የነበረውን አፌን ነው። ዲናሩንና ጎማውን ሠርቼ ተክቻለሁ። አፌ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ የሚያውቁኝ ሰዎች በዚህኛው ይሻልሃል ይሉኛል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ከደጀን የመጣ ስልክ ነው። የደወሉት ታናሽ እህታቸው ናቸው። እትዬ የሺ ብዙም ሳይታመሙ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በደንብ መፈጸሙን ነገሩኝ። ከዚያ «ሹፌሩ አንተ ነህ አይደል? ስላንተ ብዙ ያወሩን ነበር» አሉኝ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም። እትዬ የሺ ስለ ሰው ያወሩትን አለመጠየቅ ለጤና ጥሩ ነው።

እኔ ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ሰው የተጣለ በርሜል ገዝቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ምድጃ አድርጎ ለዚያው ለጣለው ሰው መልሶ ይሸጣል። ከዚህ የሚበልጥ ዩኒቨርሲቲ የለም ብዬ ነው ኩዌት የገባሁት። ኩዌት ውስጥ ለአንድ አትክልት አከፋፋይ ቫን እነዳ ነበር። ኮሮና መጥቶ ከተማው በሰዓት እላፊ ሲዘጋ መንገድ ላይ የቀረነው ፖሊስ፣ አምቡላንስና እኔ ነበርን። ለሰው የተከለከለው መንገድ ለቲማቲም ክፍት ነበር፤ እኔ የቲማቲሙ አጃቢ ሆኜ አልፋለሁ።

እትዬ የሺን ያገኘኋቸው በዚህ አጀብ ላይ እያለሁ ነው። ሱራ የሚባለው የኩዌቶች መኖሪያ ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ነበር፤ የጓሮውን በር የከፈቱልኝ ደልደል ያሉ፣ የፊት ጥርሳቸው ወርቅ የሆነ ሴት ናቸው። ወርቁን ያየሁት ማስካቸው አገጫቸው ላይ ስለነበረ ነው። የማስኩን ጠርዝ በክር ጠልፈውታል። «ማዳም ስትመጣ ወደ ላይ ይወጣል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ከዚያ ሳጥኑን ተቀበሉኝና ገለበጡት። ቲማቲሙ በጓሮው ሴራሚክ ላይ ተንከባለለ። ከሥር የነበሩትን የላሸቁትን ብቻ ለቅመው ለብቻ አስቀመጡና፣ «እነዚህን ለላከህ መልስለት። የላይኞቹንማ ማንም ያሳያል» አሉ። ሀበሻ በሀበሻ እንዲህ ይጨክናል ወይ ልላቸው አሰብኩ። ሳጥኑን የደረደርኩት እኔ ስለነበርኩ ተውኩት።

እዚያ ቤት የገቡት አንዲት አሮጊት ለመጦር ነው። እኛ ሠራተኞች የቤቱን ትልቅ እናት ማማ ከቢራ ነው የምንለው። ማማ ከቢራ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ጓሮ ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች፤ እትዬ የሺ ከጎኗ ተቀምጠው ይሰፋሉ። አትክልተኛው ከቴምር ዛፎቹ የቆረጠውን ዝንጣፊ ይሰነጥቁና በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ዘፍዝፈው፣ ከአገር ቤት ባመጡት ወስፌ ሙዳይ ይሰፉበታል። ለሆሳዕና ቀለበት ከመሥራት በቀር ዘንባባ ነክተው እንደማያውቁ ነግረውኛል፤ ግን አክርማና ሰንደዶ ኩዌት አይበቅልም፣ እጅ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ማማ ከቢራ በልጅነቷ ከዚሁ ቅጠል ምንጣፍ ትሠራ ስለነበር ዝም አትልም። ዘንባባ ይጎነጎናል እንጂ እንደ ጨርቅ አይሰፋም ባይ ናት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱ፣ አንዷ በዐረብኛ አንዷ በአማርኛ፣ ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። ማንም አላሸነፈም። ሁለቱም ቢሸናነፉ ኖሮ የሚውሉበት ጨዋታ ያጡ ነበር።

ሙዳዮቹ ያማሩ ነበሩ። እትዬ የሺም ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፤ የጨረሱትን ሙዳይ ጉልበታቸው ላይ ኳ ኳ አድርገው መትተው፣ «ይህን የመሰለ ጎጃምም የለም» ይላሉ። የሚያናድዳቸው ክዳኑ ብቻ ነበር። ሾጠጥ ብሎ እንደ ጎጆ ጣሪያ እንዲቆም ይፈልጋሉ፤ የቴምር ቅጠል ግን እሺ ስለማይል ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። እንግዲያው ያለ ክዳን ለምን አይተዉትም ስላቸው፣ «ክዳን የሌለው ሙዳይ ቀሚስ እንደሌላት ሴት ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ክዳን አላነሳሁም።

በሁለተኛው የኮሮና ዓመት ማማ ከቢራ አረፈች። እትዬ የሺ ለቅሷቸውን ጓሮ ተቀምጠው ብቻቸውን ጨረሱ። የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ልጇ ማዳም ዳላል ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የቸኮለች ሴት ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጠርታቸው ሁለት ነገር አስቀመጠችላቸው። ወይ ረመዳን ሳይገባ ኢቃማቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ አራት ልጆች ወዳላት እህቷ ይዛወራል፤ ይህን ዝውውር ተህዊል ይሉታል። ወይ ደግሞ ቲኬት ትቆርጥላቸዋለች፣ አገራቸው ይገባሉ።

እትዬ የሺ ሃምሳን ተሻግረዋል። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ይሰማል። «አራት ልጅ አይደለም፣ ስምንት እግር ነው» አሉኝ። አገር እንዳይገቡ ደግሞ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ አሥራ ምናምን ዓመት የላኩት ገንዘብ ወንድም አስተምሮ፣ እህት ድሮ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። ደጀን ላይ ዓይናቸውን የጣሉባት ትንሽ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ከከፈሉት ይሰጣቸዋል። እስከ ትንሳኤ ካልከፈሉ ለሌላ ይሰጣል። ሱቋ የምትገኘው አውቶቡሶች በሚገቡበት በኩል ሳይሆን ተሳፋሪው ምሳውን በልቶ በሚወጣበት በኩል ነው። የራበው ሰው ስፌት አያይም ይላሉ። ሙዳዩ ከተሸጠ ሱቋ አለች፤ ካልተሸጠ ስምንቱ እግር አለ። ነገሩ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። እገዳው እየላላ ሲሄድ ኩዌት ውስጥ ባዛር እንደ አሸን ፈላ። ሁለት ዓመት ቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ፣ የክትባት ማስረጃውን በስልኩ እያሳየ፣ ጠረጴዛ በተዘረጋበት ሁሉ ይተምማል። ማዳም ዳላል ጠረጴዛውን በስሟ ታስይዝልናለች፤ እኛ በስማችን አይሰጠንም። እትዬ የሺ ቅጠሉን አዘጋጅተው በሌላ ሰፈር ላሉ ሴቶችም ያከፋፍላሉ፤ እኔ ቅጠሉን አድርሼ ሙዳዩን እሰበስባለሁ፣ ዓርብ ዓርብ እሸጣለሁ፣ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የትኛው ባዛር እንደሚያዋጣ መምረጥ የእኔ ሥራ መስሎኝ ነበር።

እኔ ገበያን የማውቀው በሰው ብዛት ነው። ሰው ካለ ብር አለ። ይህን ስላቸው ሳቁብኝ።

«ቀብርም ሰው ይበዛዋል» አሉ።

የእሳቸው አሠራር ሌላ ነበር። አዲስ ባዛር ከሆነ የመጀመሪያውን ዓርብ አንሸጥም፤ እንደ ሰው ሄደን እናያለን። ጠረጴዛዎቹን አይዞሩም። መውጫው በር አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፤ እንደ ጥበቃ የሚያስቡዋቸው ሰዎች መንገድ ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ሳያውቁት ያሳያሉ። የሚያዩት የሚወጣውን ሰው እጅ ነው። «ሲገባማ ሁሉም ሀብታም ነው፤ ሲወጣ እጁን እየው» ይሉኛል። እጁ ላይ የወረቀት ቦርሳ ከያዘ ገዝቷል። የቡና ብርጭቆ ከያዘ ሊበላ ነው የመጣው። ስልክ ከያዘ ሊታይ ነው የመጣው። ከዚያ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳሉ፤ የምግብ ዕቃ ብቻ ከሞላው ይመለሳሉ፣ የመጠቅለያ ወረቀት ካለበት ደስ ይላቸዋል።

ማን ከማን ጋር እንደመጣም ያያሉ። ይህን ያወቁት ሰው ቤት በኖሩባቸው ዓመታት ነው። ማዳም ከጓደኞቿ ጋር ከመጣች ስልክ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማሻአላህ ይባላል፣ ይኬዳል። ከልጆቿና ከሠራተኛዋ ጋር ከመጣች ልጁ ያለቅሳል፣ ይኬዳል። ከእናቷ ጋር ከመጣች ግን ቦርሳ ይከፈታል። እናት ፊት ልጅ ንፉግ መምሰል አትፈልግም፤ እናትም ልጅ ፊት ዋጋ አትከራከርም፤ ትንሽ ትከራከራለች እንጂ።

ሻጮቹንም ይጠይቃሉ፤ ተሸጠላችሁ ወይ ብለው ግን አይጠይቁም። ለዚያ ጥያቄ መልሱ አልሐምዱሊላህ ነው፣ ከአልሐምዱሊላህ ደግሞ ምንም አይታወቅም። የሚጠይቁት «በሚቀጥለውስ ትመጣለህ?» ብለው ነው። ሰውየው ወዲያው እመጣለሁ ካለ ይመዘግቡታል፣ በጭንቅላታቸው። ወደ ሰማይ ካየ ወደ ቫኑ እንመለሳለን።

ቦታ ሲመርጡም ከሽቶ ሻጭ ጎን ነው። ሽቶ የምትሞክር ሴት ቆማ ትቆያለች፣ ዓይኗም ሥራ ይፈታል። ከምግብ ጎን ሞተው አይቀመጡም፤ እጁ በምግብ የወዛ ሰው ስፌት ካልነካ አይገዛም፣ ከነካ ደግሞ ያበላሸዋል ይሉ ነበር።

እንዲህ ስላችሁ ስተው የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። ሚርቃብ ላይ በአንድ የንግድ ሕንፃ ሥር የተዘጋጀ ባዛር ነበር፤ መውጫው ላይ ቆመው አዩና ፊታቸው በራ። የሚወጣው ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ቦርሳ ተሸክሟል። በሚቀጥለው ዓርብ ሙዳያችንን ሁሉ ይዘን ሄድን። ቀኑን ሙሉ አንድም ሙዳይ አልተነካም። ወደ ማብቂያው ላይ የሆነው ገባኝ፤ ያ በር ከድሮው ገበያ ወደ መኪና ማቆሚያው ማቋረጫ ነው። ሰዎቹ ቦርሳቸውን የሞሉት ሌላ ቦታ ነው፣ በእኛ በኩል የሚያልፉት መኪናቸው ጋ ለመድረስ ነው። ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ በሩን አዩት።

«ዓይኔ አልሳተም። በሩ ነው የሳተ» አሉ።

ሽንፈትን በበር ማላከክ ከእሳቸው በፊትም ከእሳቸው በኋላም አልገጠመኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከቆሙ በኋላ አንድ ሁለት ሰው እየተከተሉ ከየት እንደመጣ ያጣሩ ነበር፤ ይህን ሲያደርጉ አየኋቸው እንዳልልም አስጠንቅቀውኛል።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ከእሱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዓርብ ሁለት ባዛሮች ገጠሙ። ኩዌቶች በረመዳን እኩሌታ ላይ ገርጌዓን የሚሉት የልጆች በዓል አላቸው፤ ልጆች እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ፣ ቤተሰብም ከረሜላና ለውዝ በሳህን በቅርጫት ሞልቶ ለዘመድ ይልካል። ለዚህ የሚሆነው ዕቃ የሚገዛው በዚያ ዓርብ ነው። እትዬ የሺና ሴቶቹ ወራቱን ሙሉ የሰፉት ሙዳይ የተጠራቀመውም ለዚያ ቀን ነበር። ያ ቀን ካለፈ ዘመኑ አለፈ፤ ማዳም ዳላልም ተህዊሉን የምትጠብቀው እስከዚያ ቅዳሜ ብቻ ነው።

አንደኛው ባዛር ሳልሚያ፣ ባሕሩ ዳር ነው። መብራት፣ ሙዚቃ፣ ፊኛ፣ ነጭ ድንኳን። ሁለተኛው ሱራ ውስጥ፣ ሰፈሩ በሚሸምትበት የኅብረት ሱቅ ግቢ ነው፤ ጀምዒያ ይሉታል። ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ አንድ የሸራ ጥላ፣ የጠረጴዛው ኪራይ ከቁም ነገር የማይገባ። እኔ የሳልሚያው አዘጋጅ ቀደም ብሎ እዚያው ያካሄደውን ባዛር አይቼ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ያን የሚያህል ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ሳልነግራቸው ማዳም ዳላልን አስፈቅጄ፣ ከራሴ ኪስ ሁለት መቶ አርባ ዲናር ከፈልኩ። የማይመለስ ነው። ትርፉ ሲመጣ ያመሰግኑኛል ብዬ ነው።

ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ሳልሚያ አድርሰኝ አሉ። ያው አዘጋጅ ያዘጋጀው ሌላ ባዛር በዚያ ሳምንት እዚያው ነበር፤ መውጫው ላይ ቆሙ። እኔ ቫኑ ውስጥ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ማስካቸው አፋቸው ላይ ነው፣ የተጠለፈው ጠርዝ ብቻ ከሩቅ ይታያል። ቆይተው መጡና ገብተው በሩን ዘጉ።

«ብርጭቆ» አሉ።

«ሰዉን አላዩትም እትዬ? ባሕሩን እኮ ሸፍኖታል።»

«አየሁት። ሁሉም ጓደኛ ነው። አንዲት እናት አላየሁም። ያንን ኪራይ ያስወደደው መብራቱ ነው ልጄ፤ መብራት ደግሞ ሙዳይ አይገዛም።»

እኔ ከፍያለሁና አልተሸነፍኩም። ምናለሽ ተራ የተማረ ሰው የከፈለበትን ቦታ ጥሎ አይሄድም። መንገዱን ሁሉ ተከራክረን፣ ሱራ የቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሙዳዩን ለሁለት ለመክፈል ተስማማን። ግማሹን እኔ ሳልሚያ፣ ግማሹን እሳቸው ሱራ። ሲወርዱ በሩን ይዘው፣ «ግማሹ የእኔ ሱቅ ነው፣ ደምሴ። እንዳትረሳ» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አንተ ሹፌር ነበርኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳልሚያ ላይ ሙዳዮቹን እንደ ሠርግ ደረደርኳቸው። ሰው መጣ። ማሻአላህ ተባለ። ወጣት ሴቶች ሙዳይ ጭንቅላታቸው ላይ አስቀምጠው ፎቶ ተነሱ፣ አንዷ ለእኔም ስልኳን ሰጥታኝ አነሳኋቸው። አንድ ወጣት ክዳኑን እንደ ባርኔጣ አጥልቆ ሄደ፤ ተከትዬ አስመለስኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ እኔም ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን እጅ ማየት ጀመርኩ። ብርጭቆ። ስልክ። ብርጭቆ።

ሱራ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። እዚያም መጀመሪያ አልተሸጠም። ሰዉ ጥቂት ነው፣ ግን እንዳሉት እናትና ልጅ ነው። አንዲት አሮጊት ከልጇ ጋር መጥታ ሙዳዩን አነሳች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ውስጡን አይታ ወደደችው። ከዚያ ያለ ክዳኑ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ የሺ እንደተሰደቡ ቆጠሩት። ክዳኑ አብሮ ነው የሚሸጠው አሉ። አሮጊቷ ሳቀችና፣ ከተከደነማ ከረሜላው በምን ይታያል አለች። ጎናቸው የነበረችው ሽቶ ሻጭ ነች ነገሩን ያፍታታችላቸው፤ የገርጌዓን ስጦታ በሚያሳይ ላስቲክ ነው የሚጠቀለለው፤ የላከው ሰው ምን ያህል እንደላከ ከሩቅ መታየት አለበት።

እትዬ የሺ ገርጌዓንን አሥራ ምናምን ዓመት አይተዋል፣ በእጃቸውም ሞልተዋል። ግን እኛ አገር ለሰው የሚሄድ ነገር ይሸፈናል። ዓይን አይግባበት፣ ያነሰ እንደሆነ ገበና ይሸፈን፣ የበዛ እንደሆነ ጉራ አይምሰል። ወራት ሙሉ፣ እሳቸውም ሴቶቹም እኔም፣ ሊታይ ለሚፈልግ ሕዝብ መሸፈኛ ስንሰፋ ከርመናል። ይህን ስህተት ሊሳሳት የሚችለው የእኛ ሰው ብቻ ነው።

  እትዬ የሺ ግን የአሮጊቷን እጅ ያዩ ነበር። አሮጊቷ ከልጇ ጋር እያወራች ክዳኑን ገልብጣ ይዛዋለች፤ መቁጠሪያዋን አስቀመጠችበት፣ ቀጥላም ከሽቶ ሻጯ የተሰጣትን አንድ ቴምር። ጠፍጣፋው ክዳን፣ እትዬ የሺ ያፈሩበት ክዳን፣ ሲገለበጥ ለማፍጠሪያ የቴምር ሳህን ነው። የጠረጴዛውን ሙዳይ ሁሉ ክዳኑን አወለቁ። ሙዳዩን በአንድ ወገን፣ ክዳኑን ገልብጠው በሌላ ወገን ደረደሩ፣ ለየብቻ ዋጋ ሰጡት። አሮጊቷ ሁለቱንም ገዛች። ልጇም ገዛች፤ እናቷ ፊት ነበረችና።

ከዚያ ስልኬ ጠራ።

«ስንት ሸጥክ?»

«ሰዉ ሙሉ ነው እትዬ፣ ገና አሁን…»

«ስንት ሸጥክ አልኩህ።»

«ሦስት።»

«ክዳኑን ሁሉ አውልቅ። ለብቻ አድርገህ ይዘህ ና። እዚህ እያለቀብኝ ነው።»

«ኪራዩስ? አይመለስም እኮ።»

«ኪራዩ የሚታሰበው ሳትከፍል በፊት ነበር። አሁን የቀረን ፀሐይዋ ናት።»

የሱራው ባዛር ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ሙዳዩን ቫን ውስጥ ጫንኩና ወጣሁ። አዘጋጁ፣ የተሰጠኝ ሰዓት ገና እንዳላለቀ፣ ቀድሞ የወጣ ሰው ለሚቀጥለው ባዛር ቦታ እንደማይሰጠው ነገረኝ። አመሰገንኩት። አራተኛው ቀለበት መንገድ ላይ ስደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማ የለኝም። ማቆም ጎማውን ያድነዋል፤ ፀሐይዋን ግን አያድናትም። ነዳሁ። ሱራ የገባሁት በቸርኬው ብረት ነው፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ወጥቶ እያየኝ።

እትዬ የሺ የጎማውን ድምፅ ሰምተው ዘወር አሉ። እጃቸውን ለሙዳዩ ዘረጉ። ቀሪውን ጊዜ እኔ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ይሸጣሉ። በዚያ በወጥ ቤት ዐረብኛቸው፣ ግስ ከግስ ሳይገናኝ፣ ከሁሉም ጋር ይከራከራሉ። ከእናቷ ጋር ለመጣች ዋጋ አይቀንሱም። ብቻዋን ለመጣች አሮጊት ይቀንሳሉ። አንዷን ሀብታም ሴትዮ ስፌቱን በጥፍሯ ስለቧጨረች አልሸጥልሽም ብለው መለሷት፣ ሴትዮዋም ይቅርታ ብላ ተመልሳ ገዛች። ማስኩ መቼ አገጫቸው ላይ እንደወረደ አላየሁም፤ ወርቁ ጥርስ ግን በፀሐይዋ ያበራ ነበር።

ጥላው ሊነሳ ሲል ማዳም ዳላል መጣች። ብቻዋን ነበረች። የቀሩትን ጥቂት ክዳኖች አየች፤ አንዱን አንስታ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች።

«እናቴ ብትኖር ይጎነጎናል እንጂ አይሰፋም ትልሽ ነበር» አለች።

«ትክክል አልነበረችም» አሉ እትዬ የሺ፤ ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ማዳም ዳላል ዋጋውን ጠየቀች። እኔ በነጻ ይሰጧታል ብዬ ጠበቅኩ፤ የጠረጴዛው ባለስም እሷ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነው። እትዬ የሺ ሙሉውን ዋጋ ነገሯት። ከፈለች። ክዳኑን በወረቀት ጠቀለሉላት፤ ማንን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ሲጠቀልሉ ብዙ ቆዩ።

«እህቴ ነገ ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች» አለች ማዳም ዳላል። «ምን ልበላት፣ የሺ?»

እትዬ የሺ ወደ ጠረጴዛው አዩ፤ ከዚያ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«ሌላ ሰው ፈልጊ በያት። ለእኔ ቲኬት ቁረጪልኝ። የቀን በረራ ይሁን፣ የሌሊቱ ወገቤን ያመኛል።»

 ማዳም ዳላል እሺ አለች፤ መኪናዋ ጋ ደርሳ ተመልሳ መጣችና ሳመቻቸው።

የበረሩት ከሆሳዕና በፊት ነው። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ስለ መለያየት ምንም አላወራንም፤ በሚቀጥለው የብርድ ወራት የት የት ባዛር እንደምገባና የት የት እንደማልገባ ሲነግሩኝ ደረስን። መግቢያው ላይ እንደ ሰው ሁሉ ዞር ብለው ያዩኛል ብዬ ቆሜ ነበር። አላዩኝም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከበሩ የሚወጡትን መንገደኞች ሻንጣ እያዩ ገቡ።

እኔ ዛሬ ኩዌት ውስጥ፣ በሰው ስም ቢያዙም፣ ሦስት የራሴ ጠረጴዛዎች አሉኝ፤ ሰው ለመጋዘን ሥራ ሲያስፈልገኝ እቀጥራለሁ። ሙዳይም ክዳንም ለየብቻ እሸጣለሁ። አዲስ ባዛር ሲመጣ የመጀመሪያውን ዓርብ መውጫው ላይ እቆማለሁ፣ ሰውም መንገድ ይጠይቀኛል።

የዚያ ዓርብ ሂሳብ እንዲህ ተዘጋ። ሱራ አተረፈ፣ ሳልሚያ ከሰረ። የሱቋ ኪራይ ትንሳኤ ሳይደርስ ተከፈለ። እትዬ የሺ ተህዊል አልፈረሙም፤ ከዚያ በኋላ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው አልዋሉም። ሲያርፉ ዕዳ አልነበረባቸውም። ሱቋን እህታቸው ይዘዋታል፤ ክፍት ናት።